አራት ጣት

አጎቴ የተለካ ዕለት በእንጨት ሥራ ቤቱ ውስጥ አምስት ሰዎች ነበርን፦ አባቴ፣ ታናሽ ወንድሙ አጎቴ፣ እናቴ፣ ከአባቴ ጋር የሚሠራው ቀቢና እኔ። ቀኑ ቅዳሜ ነው፤ ምሳ በልተን የታጠብነው እጅ ገና አልደረቀም። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ጠመኔውን የያዝኩትም እኔ ነኝ።

አባቴ የቤት ዕቃ ሠሪ ነው። ወንበር ሲታዘዝ ቁጥር አይጽፍም። ደንበኛውን ከግድግዳው ሥር ባለች ዝቅተኛ ሳንቃ ላይ ያስቀምጠዋል፤ አናቱ፣ ትከሻው፣ ክርኑና ጉልበቱ የደረሱበትን ቦታ ግድግዳው ላይ በጠመኔ ያስመለክታል፤ ከዚያ ለእያንዳንዱ ምልክት አንድ ቀጭን ጣውላ ይቆርጣል። ያችን ጣውላ «ልክ እንጨት» ይላታል። ልክ እንጨት አንዴ ከተቆረጠች በኋላ ሜትር ይዞ ከሚከራከር ሰው ጋር አባቴ ሰላምታም የለው።

የዚያን ቅዳሜ የሚለካው ሰው አጎቴ ነበር። የሚሠራው መቀመጫ ደግሞ የአውሮፕላን ነው።

አጎቴን ሰፈሩ ሁሉ «አንቴና» ይለዋል። ቁመቱ አንድ ሜትር ከዘጠና ስድስት ነው። ታላቅ ወንድሙ አባቴ አጠገቡ ሲቆም ብብቱ ሥር ይገባል።

«ቀስ ብለህ ግባ አንቴና» አለ ቀቢው፣ ብሩሹን በቆርቆሮው አፍ ላይ እየጠረገ። «ጣሪያውን ከበሳኸው ቀዳዳውን በራስህ ነው የምትደፍነው።»

«እዚያ ላይ አየሩ እንዴት ነው?» አለ አባቴ።

«ነፋሻ ነው ጋሼ» አለ አጎቴ።

«እኔስ ለእሱ ሱሪ ከምሰፋ ለመስኮት መጋረጃ ብሰፋ ይሻለኛል» አለች እናቴ። «መጋረጃ ቢያንስ ጉልበት የለውም።»

ሁሉም ሳቁ። አጎቴም ሳቀ። ሲስቅ አፉን በመዳፉ ይሸፍናል፤ ትከሻውን ወደ ፊት ይሰበስባል፤ አንገቱን ይቀብራል። እኔ ቤታችን ከሰፈሩ ቤቶች ሁሉ ደስተኛው ነው ብዬ አምን ነበር። የጓደኞቼ አባቶች ወደ ቤት ሲገቡ ሳቅ ይቋረጣል፤ የእኔ አባት ሲገባ ይጀመራል። እኔ ግን አንድም ቀን ሰው አስቄ አላውቅም። እንግዳ ሲመጣ ከበር ኋላ የምቆም፣ ስሜን ሲጠይቁኝ እግሬን የማይ ልጅ ነበርኩ። አንድ ቀን እንደ ቀቢው አንዲት ቃል ጣል አድርጌ ቤቱን በሳቅ ባፈርሰው ብዬ እመኝ ነበር።

አጎቴ ሳንቃዋ ላይ ተቀመጠ። እግሮቹ እስከ መላጊያው ጠረጴዛ ድረስ ሄዱ።

«ኧረ መንገድ ዘጋህ!» አለ ቀቢው። «ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ ይታሰርለት፤ መኪና ይጋጫል።»

እንደገና ሳቅ ሆነ። አጎቴ ተቀምጦ ጎበጠ።

አባቴ ለደንበኛ ሁሉ የሚያደርጋት አንዲት ነገር ነበረች። ግራ መዳፉን ከወገባቸው ጀርባ ያስገባና ገፋ አድርጎ «ቀጥ! ወታደር ሁን!» ይላል፤ ሴት ከሆነች «ቀጥ በይ እመቤቴ» ይላል። ጀርባቸው ግድግዳው ላይ ካልተለጠፈ ጠመኔ አያስነካም። ያን ቀን መዳፉን አላስገባም። ማስመሪያውን አጎቴ አናት ላይ አጋደመና ወደ እኔ ዞረ።

«ምልክት አድርግ።»

በአጎቴ ጀርባና በግድግዳው መካከል ክፍተት ነበር። የእኔ ጭብጥ በደንብ ይገባበታል።

«አባባ...»

«ምን?»

«ምንም።»

«ምልክት አድርግ አልኩህ። ሰውየውን እንዳለ ነው የምንለካው።»

ይህን አነጋገሩን ወደድኩት። አባቴ ለወንድሙ አዝኖ «ቀጥ በል» ብሎ ሳያስጨንቀው የተወው መሰለኝ። ጠመኔውን አስነካሁ። አባቴ ጣውላዋን ቆረጣት፤ በእርሳስ «አናት» ብሎ ጻፈባትና ምስማር ላይ ሰቀላት።

ከዚያ ወዲህ አሥራ ስምንት ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ ከአባቴ ጋር ስንት ሰው እንደለካሁ አላውቅም። ወገቡን ሳይገፋ የለካው ሌላ ሰው አላየሁም።

አውሮፕላኑ የአጎቴ ሐሳብ ነበር። ከከተማው ጫፍ ያለችው ትንሽ የአውሮፕላን ሜዳ ላይ የነዳጅ መኪና ይነዳ ነበር። ስምንት ዓመት ሙሉ በእረፍት ቀኑ የሰው አውሮፕላን እያጠበ፣ በልዋጩ ማብረር ተማረ። የተማረባት አውሮፕላን ጠባብ ስለነበረች ጉልበቱን አገጩ ሥር አጥፎ ነው የተማረው። የአብራሪነት ፈቃዱን ያገኘ ጊዜ በላስቲክ አስለበጠውና በደረት ኪሱ ይዞት ይዞር ጀመር፤ ሸሚዝ ሲቀይር መጀመሪያ የሚያወጣው እሱን ነው። ከዚያ ያስተማረው ሰው አውሮፕላኑን ይዞ ወደ ሌላ ከተማ ሄደ። ሌላ የሚያውሰው ጠፋ። ፈቃዱ ደግሞ ሕግ አለው፤ ባለቤቱ በሁለት ዓመት ውስጥ ብቻውን አንድ ሰዓት ካልበረረ ይሰረዛል፤ እንደገና ከሀ ሁ መጀመር ነው። አጎቴ ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነበር። «ሌላ ስምንት ዓመት የማጥብበት ጉልበት የለኝም» ይል ነበር።

ስለዚህ የአንድ ሰው አውሮፕላን ንድፍና አንድ አሮጌ ሞተር ይዞ ወንድሙ ዘንድ መጣ፤ እኛው ቤት ይኖር ጀመር።

«ጋሼ፣ አንተ ከሠራኸው እኔ አበርረዋለሁ።»

አባቴ ንድፉን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ አራቱን ጥግ የምስማር ጣሳ አስጭኖ፣ ብዙ ቆይቶ አየው።

«ይሄ እኮ ቁም ሳጥን ነው» አለ በመጨረሻ። «የሚበር ቁም ሳጥን። እሠራዋለሁ።»

አሥራ አራት ወር ፈጀ። ቤታችን ኮላ ኮላ፣ ቬርኒሽ ቬርኒሽ ይሸት ነበር፤ ምግቡም፣ ትራሱም። የክንፎቹን አጥንት በብርጭቆ ወረቀት የማሸው እኔ ነበርኩ፤ የጣቶቼ ጫፍ እንደ ሳንቲም እስኪለሰልስ ድረስ። አባቴ ማክሰኞ ማክሰኞ የታጠበ ሸሚዝ ለብሶ እንጨት ሊገዛ ይሄዳል፤ ከሰዓት ባዶ እጁን ይመለሳል። «ዛሬም ደህና እንጨት የለም» ይላል። እኔ በዓለም ላይ ደህና እንጨት ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ሥራ ላይ ሆነው አባቴ የሚደጋግማት አንዲት ጨዋታ ነበረችው። «ሲወለድ ያቀፍኩት እኔ ነኝ» ይላል፣ አጎቴን በመዶሻው እያመለከተ። «በሰባት ዓመቱ ሸሚዜን ወሰደ። በአሥር ዓመቱ ጫማዬን ወሰደ። በአሥራ ሦስት ዓመቱ ቁልቁል ያየኝ ጀመር። ሸሚዙንና ጫማውን ይቅር ብዬዋለሁ።» ቀቢው በሳቅ ይንከተከታል። እኔም እስቃለሁ። አባቴ ራሱ ግን አይስቅም ነበር። ይህን ያን ጊዜ የጥሩ ቀልደኛ ችሎታ አድርጌ ነው የማየው።

አልበማችን አሁን እኔ ዘንድ ነው። ሁለቱ ወንድማማቾች ጎን ለጎን የቆሙበት አንድም ፎቶ የለም። አጎቴ ሁልጊዜ ተቀምጧል፤ መቀመጫ በሌለበት ተንበርክኳል።

ኮክፒቱ፣ አብራሪው የሚቀመጥበት ጉድጓድ ማለት ነው፣ ያለቀ ዕለት ጎረቤት ሁሉ ሊያይ መጣ። አጎቴ አዲስ ስፖንጅ በተነጠፈበት መቀመጫ ላይ ወረደ። አባቴ ብርሃን የሚያሳልፈውን የላስቲክ ክዳን ከላይ አመጣና ለቀቀው። ክዳኑ አልተዘጋም፤ የአጎቴ ራስ ላይ ተቀመጠ።

«ራሱን አውልቁለት!» አለ ቀቢው።

ሰው ሁሉ ሳቀ። አጎቴ አንገቱን ቀበረ፤ ክዳኑ ትንሽ ወረደ፤ ግን አልገጠመም። መሪዋ በሁለት ጭኖቹ መካከል የቆመች ዘንግ ናት። ወደ ግራ ሊወስዳት ሞከረ፤ ጭኑ ላይ ደርሳ ቀጥ አለች።

አባቴ ሄዶ «አናት» የምትለዋን ጣውላ ከምስማሩ አወረደ። አጎቴን አስወጣውና ከመቀመጫው እስከ ክዳኑ ለካባት። እንደ ቁልፍ ገጠመች።

«እንጨቷ ልክ ናት። ሰው ሁሉ ባለበት ነው ተቀምጠህ የተለካኸው» አለ።

«ጋሼ፣ ያን ቀን ትንሽ ጎብጬ ነበር።»

«ታዲያ ጎብጠህ አብርረው።»

እንደገና ሳቅ። አጎቴ ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቀ። «የኋላ መደገፊያውን ወደ ኋላ ብንገፋውስ?»

«ጭራው ይከብዳል። ንድፉን ያመጣኸው አንተ ነህ፤ አንብበው።» ይህ እውነት ነበር።

«መቀመጫውንስ ዝቅ ብናደርገው? ከሥሩ ያለችውን ሳጥን ብናወጣት?»

ስፖንጁ የተነጠፈው ከኮምፔንሳቶ በተሠራች ሳጥን ላይ ነበር፤ ከፍታዋ አራት ጣት ነው። አባቴ በጣቱ አንጓ ቆረቆራት።

«በዚህች ውስጥ የአውሮፕላኑ ወገብ ያልፋል። እሷን ከነካኋት አየር ላይ ለሁለት ይከፈላል። ካልክ ግን መጋዙ ያውልህ።»

አባቴ ስለ እንጨት ሲናገር የሚመልስለት ሰው አልነበረም። መጋዙን ማንም አላነሳውም። እኔ ለብዙ ቀን አውሮፕላኑ ሰማይ ላይ እንደ ዳቦ ለሁለት ሲቆረስ በሕልሜ አይ ነበር።

«አራት ጣት!» አለ አጎቴ። «አራት ጣት ነው የጎደለኝ ጋሼ!»

«አራት ጣት አልጎደለህም» አለ አባቴ። «አራት ጣት ነው የተረፈህ።»

በማግስቱ ከመላጊያው ጠረጴዛ ሥር ፍቅፋቂ ውስጥ ተኝቼ እጫወት ነበር። እናቴና አጎቴ በሩ ላይ ቆመዋል። እሷ የሱሪውን ጫፍ በመርፌ ቁልፍ እየያያዘች ነው።

«አንተስ ለምን ጎብጠህ ትለካለህ?» አለችው።

«አላወቅኩትም እትዬ። ሲስቁብኝ ሰውነቴ ራሱ ነው የሚያጥር።»

«እሱ አላየም?»

«አየ።»

«አይቶ ዝም አለ?»

አጎቴ ከጫማው ላይ ፍቅፋቂ አራገፈ።

«ተወው» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አውሮፕላኑን ሰጥተኸው ውጣ። እዚህ ቤት እሱን የረታ ሰው ውሎ አያድርም፤ እኔ ነኝ የማውቀው።»

«ሰባት ሳምንት ነው የቀረኝ። አንድ ሰዓት ብቻ ልብረር፤ ከዚያ ይውሰደው።»

እኔ የገባኝ እናቴ በመጉበጡ እንደተቆጣችው ብቻ ነው። እኔንም ስጎብጥ ጀርባዬን ትቆነጥጠኝ ነበር። ለሁለት ቀን ገበታ ላይ እንደ ችካል ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። የዚያኑ ዕለት እራት ላይ አባቴ ስለ ክዳኑ ሲቀልድ ከሁሉም አብልጣ የሳቀችው እናቴ ነበረች።

ከዚያ በሕይወቴ ከተጫወትኩት ጨዋታ ሁሉ የሚበልጠው መጣ። አባቴ ማክሰኞ እንጨት ሊገዛ ሲሄድና ቀቢው ምሳ ሲወጣ አጎቴ ከሥራው ሮጦ ይመጣል። ስፖንጁን አንስቶ ከቁም ሳጥኑ ኋላ ይደብቀዋል። ጫማውን ያወልቃል። ባዶው ሳጥን ላይ ይቀመጥና አገጩን ወደ ደረቱ ሰብሰብ ያደርጋል፤ እኔ ክዳኑን እዘጋለሁ። ይዘጋል! ፀጉሩ ላስቲኩ ላይ ይጨፈለቃል፤ ግን ይዘጋል።

የቀረው ግራ ጭኑ ነበር። ለእሱም መላ አገኘለት። መሪዋን ወደ ግራ ሲወስዳት የግራ እግሩን ከፔዳሉ ላይ ብድግ ያደርግና ጉልበቱን ወደ ጎን ይጥለዋል፤ መሪዋ ታልፋለች፤ ስትመለስ እግሩም ይመለሳል። የእኔ ሥራ እግሩ ሲነሳ ይታይ እንደሆነ ውጭ ቆሜ ማየት ነው።

«ረዳቴ፣ ታየ?»

«ታየ።»

«አሁንስ?»

«ትንሽ።»

«አሁንስ?»

«አልታየም!»

«ረዳት አብራሪ» ብሎ ሾሞኝ ነበር፤ ሲያሳጥረው «ረዳቴ» ይለኛል። ስንጨርስ ስፖንጁን እንመልሳለን። «ለማንም» ይላል። «ለማንም» እላለሁ። በአራተኛው ማክሰኞ እግሩ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ደርሶ ይመለስ ነበር።

አድጌ የሚያበርሩ ሰዎች ጠይቄአለሁ። ነፋስ ከጎን ሲመጣ፣ በተለይ መሬት ሊነኩ ሲሉ፣ መሪዋ ወደ ጎን የምትሄደው ሁለቱም እግሮች ፔዳሉን አጥብቀው በያዙበት ሰዓት ነው አሉኝ። ያኔ እግሩን የሚያነሳ ሰው ይወድቃል። አጎቴ ይህን ከማንም በላይ ያውቅ ነበር። በልቡ አንድ ነፋስ የሌለበት ጠዋት መርጦ ይዟል።

አውሮፕላኑን መርምሮ እንዲበር የሚፈቅደው ተቆጣጣሪ ሊመጣ የተቀጠረው የአጎቴ ፈቃድ ሊሰረዝ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ነበር። አውሮፕላኑ ቀድሞ በጭነት መኪና ወደ ሜዳው ተወስዷል። የዚያን ዕለት ጠዋት አባቴ ጢሙን ተላጭቶ ሲያበቃ ወደ ሥራ ቤቱ ጠራኝ። እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ። እንደ ትልቅ ሰው ሲያናግረኝ የመጀመሪያው ነው።

«አንተ ልጅ ዓይንህ ጥሩ ነው። ችግርህ አፍህ ነው። ወንድ ልጅ ያየውን ጮክ ብሎ ይናገራል። ዛሬ ሰው ፊት አንድ ነገር ብጠይቅህ ትናገራለህ?»

«እናገራለሁ አባባ።»

«አታፍርም?»

«አላፍርም።»

ደረቴ ተነፋ። ከኋላው ጠረጴዛው ላይ ከስፖንጁ የተቀደደ ቁራጭ ተቀምጧል፤ ከቁም ሳጥኑ ኋላ ስንደብቀው ሳናይ የቀረ። አቧራ ጠርጎ ያወጣው መሰለኝ። አሁን ሳስበው፣ ያወቀውን ራሱ መናገር ይችል ነበር። ከሌላ ሰው አፍ እንዲወጣ ነው የፈለገው።

ሜዳው ላይ ሃያ የሚያህል ሰው ተሰብስቦ ነበር፤ ሾፌሮች፣ አጣቢዎች፣ የሰፈር ሰዎች። አጎቴ ሸሚዙን አስተኩሶ ለብሷል፤ ፈቃዱ በደረት ኪሱ ነው። ስፖንጁን ማንም ሳያየው እንዴት ከመቀመጫው ኋላ እንደከተተው አላውቅም፤ ብቻ ገብቶ ሲቀመጥ ክዳኑ ተዘጋ። አንድ አጣቢ አጨበጨበ። ተቆጣጣሪው ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ፣ ወረቀቱን በሳንቃ ላይ የያዘ ሰው ነበር።

«ወደ ኋላ ሳባት» አለ። «ወደ ፊት። ወደ ቀኝ። ወደ ግራ።»

ዓይኑ ክንፉ ጫፍ ላይ ያሉት ሳንቃዎች መንቀሳቀሳቸውን ነው የሚከታተለው። የአጎቴን እግር አላየም። መሪዋ እስከ ጥግ ሄዳ ተመለሰች። ተቆጣጣሪው ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አሳረፈ።

«አንድ ደቂቃ ጌታዬ» አለ አባቴ ፈገግ ብሎ። «እኛ ረዳት አብራሪም አለን። እስቲ እሱ ይናገር። ረዳት አብራሪ! ምን ታያለህ?»

ያን ስም ከየት እንደሰማው ያን ጊዜ አልጠየቅኩም።

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። በላስቲኩ ውስጥ አጎቴ ያየኛል። ራሱን መነቅነቅ አልቻለም፤ ክዳኑ ይዞታል። ዓይኑ ብቻ ነው የተንቀሳቀሰው።

«ወደ ግራ ሲያደርጋት...» አልኩ።

«አይሰማም! ጮክ በል!»

«እግሩን ያነሳል!»

«ምን አድርጎ?»

«እግሩን ያነሳል! እንደ ውሻ!»

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። ቀቢው ክንፉን ይዞ ተንበረከከ። ሾፌሮቹ ተደጋገፉ። በሕይወቴ ያስነሳሁት የመጀመሪያው ሳቅ ነው፤ እንደ ሙቅ ውሃ በጀርባዬ ወረደ። ልተወው አልቻልኩም።

«ስፖንጁንም አውጥቶታል! ቂጡ ባዶ እንጨት ላይ ነው! ጫማም የለውም!» የግራ እግሬን አነሳሁና እየዘለልኩ አሳየኋቸው።

ተቆጣጣሪው አልሳቀም። ክዳኑን አንኳኳ። «ሁለቱንም እግርህን ፔዳሉ ላይ አድርግና ወደ ግራ ድገማት።»

አጎቴ እግሮቹን አስተካከለ። መሪዋ ግማሽ መንገድ ሄዳ ጭኑ ላይ ቆመች። ገፋት። የጣቶቹ አንጓ እስኪነጣ ድረስ ሥጋው ውስጥ ገፋት።

«ይበቃል» አለ ተቆጣጣሪው። «ሥራው ቆንጆ ነው። ለዚህ ሰው ግን አይሆንም።» ጻፈውም።

አጎቴ መውጣት አቃተው። እግሮቹ ደንዝዘው ነበር። ሁለት ሾፌሮች በብብቱ ይዘው ጎተቱት።

«ቡሽ ነው እንዴ!» አለ ቀቢው። «ኧረ ጠርሙሱን እንዳትሰብሩት!»

ወጥቶ ሳሩ ላይ በካልሲ ቆመ። የአንዱ ካልሲ ጫፍ ተቀዶ አውራ ጣቱ ይታያል።

«ሌላ አብራሪ አለ?» አለ ተቆጣጣሪው።

አባቴ እጁን ወደ ደረት ኪሱ ሰደደና በላስቲክ የተለበጠ አዲስ ፈቃድ አወጣ። እነዚያን ማክሰኞዎች ሁሉ ሌላ ከተማ ሄዶ ማብረር ሲማር ነበር። ገባ፤ ስፖንጁን ከኋላ አውጥቶ አነጠፈ፤ ክዳኑ ተዘግቶ ከአናቱ በላይ ቦታ ተረፈ። መሪዋ ወደ ፈለገችው ሄደች። ተቆጣጣሪው ፈረመ።

ሞተሩ ሲነሳ ጭራውን የሚይዝ ከባድ ሰው ያስፈልጋል።

«አንቴና፣ ጭራውን ያዝ!» ብሎ ጮኸ አባቴ።

አጎቴ ሄዶ ያዘ። አቧራውና ሳሩ ፊቱ ላይ እየተበተነ፣ አባቴ እጁን እስኪያነሳ ድረስ ያዘ፤ ከዚያ ለቀቀው። አውሮፕላኑ ጥቂት ተንደርድሮ ተነሳ። ሰው ሁሉ አንጋጠጠ።

አጎቴ ጫማውን በእጁ ይዞ ወደ እኔ መጣ። የሚስቅ መስሎኝ ፈገግ ብዬ ጠበቅኩት።

«ልክ ነህ ረዳቴ» አለኝ። «ነፋስ ቢኖር እወድቅ ነበር።»

እንዳመሰገነኝ ነው የተረዳሁት። እስከ ማታ ድረስ ላገኘሁት ሰው ሁሉ እግሬን እያነሳሁ ሳሳይ ዋልኩ። እራት ላይ አባቴ «እስቲ ለእናትህ ድገምላት» አለኝ፤ ደገምኩላት። እናቴ ሳህኑን ይዛ ተነሳች።

አጎቴ በማግስቱ ልብሱን በአንድ ሻንጣ ይዞ ከቤታችን ወጣ። ፈቃዱ በዘጠነኛው ቀን ተሰረዘ፤ ሌላ አላወጣም። አባቴ አሥራ አንድ ጊዜ በረረ። ከዚያ አውሮፕላኑ ሦስት ዓመት በሸራ ተሸፍኖ ቆመና ሸጠው። ገዢው ቁመቱ አጎቴን የሚያህል ሰው ነበር። ገብቶ ሲቀመጥ ክዳኑ ራሱ ላይ አረፈ። ስፖንጁን አንስቶ ሳጥኗን አየና አባቴን ጠየቀው።

«ይህች ምን ትሠራለች?»

«ምንም» አለ አባቴ። «ስፖንጅ ማስቀመጫ ናት።»

እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር፤ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው። ገዢው ሳጥኗን በመዶሻ ነቀላት። ከሥሯ ፍቅፋቂና አቧራ ነበር። መቀመጫውን በአራት ጣት ዝቅ አድርጎ እስኪገጥመው ግማሽ ቀን ፈጀበት፤ ከሰዓት በኋላ ክዳኑን ዘግቶ በረረ።